ሳሩን ማን በላው?

(ይህ ጽሑፍ ሻሸመኔ ላይ ለአካባቢው አርሶ አደሮች፣ ከብት አርቢዎች፣ መምህራንና ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ለጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ አስተካክዬዋለሁ።)



ጽሑፉን ይዞ ከጋዜጣ ጋዜጣ የሚዞር አንድ ነፃ ጋዜጠኛ ለማዳመጥ ሥራችሁን ጥላችሁ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ግጦሽ መሬት ልናገር መሆኑን የሰሙ አንዳንድ የአዲስ አበባ ወዳጆቼ ስቀውብኛል። «አገር እንዲህ በሚታመስበት ሰዓት ስለ ሳር ታወራለህ እንዴ?» ነው ያሉኝ። አዎን፣ ስለ ሳር አወራለሁ! በዚህ አገር ከሳር የበለጠ ፖለቲካ አላየሁማ! መንግሥት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚነካው መሬት ነው። መሬት ሲነካ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ሳሩ ነው። ሳሩ ሲጠፋ ላሚቱ ትነጥፋለች፤ ላሚቱ ስትነጥፍ ሕፃን ወተት ያጣል፤ ወጣቱ ግራሩን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ግራሩም ሲያልቅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሻሸመኔ መናኸሪያ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የሞያሌ መንገድ ወዴት እንደሚወስድ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ።

በአማርኛችን «በላ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። ላም ሳር በላች እንላለን። ሹም የሕዝብ ገንዘብ በላም እንላለን። የንግግሬ ርዕስ «ሳሩን ማን በላው?» የሚል ነው። በየትኛው ፍቺ እንደሆነ ስጨርስ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

በረሃ በእግሩ አይመጣም

ስለ በረሃማነት ሲወራ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የሰሃራ አሸዋ ነው። አሸዋው ከሩቅ ተነስቶ እየገፋ፣ አገር እያቋረጠ የሚደርስብን ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በረሃ በእግሩ አይመጣም፤ እዚሁ በደጃችን ይፈለፈላል። እንደ ጭርት ነው። አንድ ቦታ ትንሽ ክብ ይሠራል፣ ወዲያ ሌላ ክብ ይሠራል፣ በኋላ ክቦቹ ሲገናኙ ራስን በሙሉ ይመልጠዋል።

ሰኔ 10 ቀን 1986 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የሚለውም ይህንኑ ነው። በረሃማነት ማለት በደረቅ፣ በከፊል ደረቅና ዝናብ በሚያጥራቸው አካባቢዎች፣ በአየር ጠባይ መለዋወጥና በሰው ሥራ ምክንያት የሚደርስ የመሬት መጎሳቆል ነው ይላል። በዚህ ትርጉም ውስጥ አሸዋ የሚባል ነገር የለም። ሰው ግን አለበት። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1989 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከዚያ ወዲህ ሰኔ 10 በመጣ ቁጥር ቀኑ ይከበራል፤ ስብሰባ ይደረጋል፤ ቆብና ካናቴራ ይታደላል። መሬቱ ግን ካናቴራ አይለብስም።

እስቲ ሳር እንዴት እንደሚሞት ላስረዳ። አባቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የምናገረው ለወጣቶቹ ነው።

ሳር የሚታየው ከላይ ነው፤ ሀብቱ ግን ከሥር ነው። ዓመት ከዓመት የሚቆይ ሳር ስንቁን የሚያስቀምጠው ከመሬት በታች፣ በሥሩ ነው። ላም ስትግጠው ከዚያ ስንቅ ወስዶ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ጊዜ ካገኘ አዲሱ ቅጠል ፀሐይ ይሞቅና ብድሩን ለሥሩ ይመልሳል። ጊዜ ካጣ፣ ገና ሁለት ጣት ሳይሞላ ሌላ አፍ ከደረሰበት፣ ከስንቁ እያወጣ እያወጣ ሥሩ ያጥራል። ሥሩ ያጠረ ሳር ድርቅ አይችልም። አንድ በጋ ይገባና በዚያው ይቀራል።

ታዲያ ቦታው ባዶ አይቀርም። በዝናብ ወራት በቅሎ ወዲያው የሚደርቅ እፍኝ የማይሞላ ሳር ይመጣል። ወይም ላሟ የማትደፍረው አክርማ ይነግሣል። ወይም ደግሞ ኦሮሞው «ፈረምሲሳ» ብሎ የሰየመው አረም ይወርሰዋል። መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው የፖለቲካ ተንታኝ መሆን ነበረበት! ላም ይህን አረም ስትበላ ወተቷ ሳይቀር ይመራል።

የሳር ልብሱ የተገፈፈ አፈር ደግሞ ጠብታው በቀጥታ ይመታዋል። ፊቱ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፤ ውሃው መስረግ ትቶ ይሮጣል። ሰው «ዝናቡ ቀነሰ» ይላል። ቀንሶም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የወረደውም ቢሆን አፈሩ ውስጥ አልገባም። ለወንዙ ዘነበ እንጂ ለሳሩ አልዘነበም።

የእኛ የስምጥ ሸለቆ አፈር በተለይ ክፉ ጠባይ አለው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የተተፋ አመድና ቀላል ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ በቀላሉ ይታጠባል። ቦረቦር አንዴ አፉን ከከፈተ በየክረምቱ አንድ አንድ ማሳ ይውጣል። ወደ አጄና ወደ ሀላባ ወጣ ብሎ ያየ ያውቀዋል። ከሻሸመኔና ከወንዶ ገነት ተዳፋት የታጠበው አፈር የት ገባ ብትሉ ደግሞ ሐዋሳ አጠገብ የነበረውን የጨለለቃን ሐይቅ ጠይቁት። በደለል ተሞልቶ ረግረግና የከብት መዋያ ሆኗል። የእኛ ሳር ሲያልቅ የጎረቤታችን ሐይቅ ሞተ ማለት ነው።

ጥፋተኛው ከብቱ ነውን?

ባለሙያ ስትጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ «ከብት በዛ»። አርቢው ኋላ ቀር ነው፣ ከብት በመቁጠር ይኩራራል፣ ቀንሱ ስንለው አይሰማም ይላሉ።

ከብት መብዛቱን አልክድም። አገሪቱ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት አላት። ነገር ግን አርቢው ለምን አይቀንስም ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። አንድ አዛውንት ሲያስረዱኝ «ልጄ፣ አሥር ላም ያለኝ እንደሆነ ድርቅ መጥቶ ሰባቱን ቢወስድ ሦስት ይተርፈኛል። ሦስት ብቻ ያለኝ እንደሆነስ ምን ይተርፈኛል?» አሉኝ። ይህ ኋላ ቀርነት ነው? ባንክ ለሌለው ሰው ከብት ባንክ ነው፤ መድን ነው፤ የልጅ ማስተማሪያ ነው። በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲጨነግፍ የአርቢው ከብት በሚሊዮን ተቆጥሮ አለቀ። ብዙ ከብት የነበረው ጥቂት ተረፈው፤ ጥቂት የነበረው ስንዴ ለመቀበል ሰልፍ ወጣ።

ደግሞስ አባቶቻችን ከብት ሲያረቡ ሥርዓት አልነበራቸውም እንዴ? የአርሲ አርቢ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ በወቅት ይንቀሳቀስ ነበር። አዝመራ ሲሰበሰብ ቃርሚያ፣ ዝናብ ሲጥል የቆላ ሳር፣ በመካከሉ ከብቱን ወደ ሆራ ነድቶ ማጠጣትና ማላስ። ከብቱ ሲሄድ ሳሩ ያርፋል። ቦረናን ብትመለከቱ መንጋውን ለሁለት ይከፍላል። የሚታለበው «ወራ» ተብሎ ከቤተሰብ ጋር ይቀራል፤ የማይታለበው «ፎራ» ተብሎ ርቆ ይሄዳል። ለጥጆች የሚከለል «ካሎ» አለ። ግጦሹ «ዴዳ» በሚባል ክልል የተከፋፈለ ነው። ጥልቅ የሆኑት የቱላ ጉድጓዶች ላይ የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚወስን «አባ ሄሬጋ» አለ። ውሃውን ያዘዘ ግጦሹን አዘዘ ማለት ነው፤ የማይጠጣ ከብት እዚያ አይግጥማ! ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ገዳን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ዓለም አጨበጨበ። የገዳ ሥርዓት የሚያዝበትን ሳር ግን ማን መዘገበው?

ሦስት መንግሥት፣ አንድ «ባዶ መሬት»

እዚህ ላይ ነው የ«በላ» ሁለተኛ ፍቺ የሚመጣው።

በንጉሡ ዘመን የግጦሽ መሬት በመንግሥት ዓይን ሰው የሌለበት፣ ባለቤት የሌለው መሬት ነበር። በአዋሽ ሸለቆ ለሸንኮራና ለጥጥ ሲሰጥ፣ መተሐራ ላይ የከረዩን የበጋ መጠጊያ ፋብሪካና ብሔራዊ ፓርክ ሲካፈሉት «ባዶ ነበር» ተባለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትራክተር ወደ አርሲ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ አካባቢ ሲገባ ጭሰኛውም ከብቱም አብረው ተጠረጉ።

ደርግ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ጭሰኛው ከባላባት ተላቀቀ፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ባላባቱ ሲሄድ አዲስ ባላባት መጣ፤ መንግሥት የሚባል። የመንግሥት እርሻ ሰፋ። የመንደር ምሥረታ ሰውን ከነከብቱ አንድ ቦታ አጎረ፤ በመንደሩ ዙሪያ ያለው ሳር እንደ ጠላ ቤት ደጃፍ ተረገጠ። በቦረና አርቢው ቁጥቋጦን ለመቆጣጠር በየጊዜው የሚለኩሰው እሳት በሕግ ተከለከለ። ውጤቱ ምን ሆነ? እሾሃማ ቁጥቋጦ ሳሩን ዋጠው። አዲስ አበባ ሆኖ እሳትን የከለከለ ሹም እሾህ ተክሎ ሄደ!

ከ1983 ዓ.ም. በኋላስ? ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ ዘላኖች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ግሩም ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ግን መንግሥት የመሬት ባለቤት በመሆኑ የወል ይዞታን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ሊለውጥ ይችላል አለ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላ እጅ መውሰድ ይሏል ይህ ነው። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። በእነዚያ ዓመታት ግን ስንት የወል መሬት ለኢንቨስተር፣ ስንቱ ለከተማ ማስፋፊያ፣ ስንቱስ ለካድሬ ዘመድ እንደተሸነሸነ እዚህ የተቀመጣችሁ በስም ልትዘረዝሩት ትችላላችሁ።

«ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ ነው የወሰድነው» ይላሉ። ልብ በሉ! የሚወሰደው አንድ እጅ ሁልጊዜ የወንዙ ዳር ነው፤ በጋ ሲጠና ከብት የሚሸሽበት ረግረግና ለምለም ነው። ከቤትህ በሩን ብቻ ነው የወሰድኩብህ እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ አርቢው በቀረው ዘጠኝ እጅ ላይ ክረምት ከበጋ ይውላል። ሳሩ አያርፍም። ባለሙያ ይመጣና «ከብት በዛ» ብሎ ይጽፋል። ከብቱ አልበዛም አልልም። መሬቱ ግን አንሷል!

ተቃዋሚ ነን የሚሉትንም አልምርም። ስለ ሥልጣን ክፍፍል ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ስለ ግጦሽ መሬት ሲከራከሩ ግን አልሰማሁም።

የአብጃታ ነገር

ሩቅ ሳንሄድ የቤታችንን ጉዳይ እንይ። ከአርሲ ነገሌ ወደ ላንጋኖ ስትወጡ በግራ በኩል ያለው የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ስላለው ገና አልተነካም። አብጃታ ግን ጥልቀት የለውም። ውሃው የሚመጣለት በቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ፣ በሆራ ከሎ ወንዝ ደግሞ ከላንጋኖ ነው። የዝዋይና የቡልቡላ ውሃ በፓምፕ ለመስኖ እርሻና ለአበባ ይሳባል፤ ከአብጃታ ከራሱ ደግሞ በደርግ መጨረሻ ግድም የተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ጠጥቶለታል። ዛሬ ሐይቁ ከ1960ዎቹ ስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ጨውነቱ ስለበረታ ዓሣው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ይብራዎች ጫጩታቸውን ለመቀለብ ወደ ሌላ ሐይቅ ይበራሉ።

ውሃው ሲሸሽ የቀረው ነጭ ሜዳ ነው። ነፋስ ሲነሳ የጨው አቧራው ወደ ግጦሹ ይሄዳል። በዙሪያው ያለው የግራር ደን ደግሞ በከሰል አለቀ። ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ያላየ አለ? ያን ከሰል የሚያከስለው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ላሟ የነጠፈችበት ነው። የሚገዛውም እኛ ነን፤ መኪና አቁመን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ ኮፈኑ ላይ ጭነን አዲስ አበባ የምንገባው። የአርሲ ነገሌ እናቶች አረቄ ሲያወጡ የሚነደው እንጨትም ከሙኔሳ ደን ነው የሚወርደው። እነርሱንም «አታውጡ» ማለት ቀላል ነው። በምትኩ ምን ይብሉ?

ግራር ደግሞ ለሳር ጠላት አይደለም። የገርቢን ጥላ አስታውሱ። በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ዛፍ ነው። ሥሩ አፈሩን ያዳብራል፤ ፍሬው ሳር ሲጠፋ ለፍየልና ለከብት መኖ ይሆናል። ግራሩን የቆረጠ ሳሩንም ቆርጧል።

ችግኝ ወይስ ጉቶ?

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? የመንግሥት መልስ ችግኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ለዓለም ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወደ ቢሊዮን ወጥቷል። ችግኝ መትከልን የሚቃወም ሰው እብድ ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንቱ ጸደቀ? የተተከለበት ቀን በቴሌቪዥን ይታያል። ጥር ላይ ሄዶ የቆጠረውን ግን በቴሌቪዥን አላየሁም። ሳር በሚበቅልበት ሁሉ ጉድጓድ እየቆፈሩ ችግኝ መሰንቀርም ልማት አይደለም። የሳር መሬት ደን ስላልሆነ «የተራቆተ» ሊባል አይገባም።

ደግሞ ከአፋር እንማር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። ዛሬ ከሚሊዮን ሄክታር በላይ የሆነ መሬት ወርሶ ሳር አጥፍቷል፤ መንገድ ዘግቷል፤ እሾሁ የከብትና የሰው እግር ይወጋል። አፋሮች «ደርጊ ሀራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «ወያኔ» ይለዋል። ሕዝብ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም። ሳይጠየቅ የተተከለበትን ነገር በተካዩ ስም ይጠራዋል።

ሌላ መንገድ አለ። ኒጀር የምትባለው አገር ከእኛ የባሰች ደረቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ማራዲ በሚባለው ግዛት ችግኝ ቢተክል ቢተክል እየደረቀበት ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አንድ ነገር አስተዋለ። ሜዳው ላይ ቁጥቋጦ የመሰለው ሁሉ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ነው፤ ሥሩ አልሞተም። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ በየዓመቱ ወይ ይቆረጣል ወይ ይበላል። ገበሬዎቹ ከየጉቶው ደህና ደህናውን ቡቃያ መርጠው ሌላውን መመልመል ጀመሩ። ችግኝ ጣቢያ የለ፣ ውሃ ማጠጣት የለ። ከጊዜ በኋላ አምስት ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዛፍ ተሸፈነ። ነገር ግን ዋናው ምሥጢር መመልመሉ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ሕግ ዛፉ የመንግሥት ነበር፤ ገበሬው የራሱን ማሳ ዛፍ ቢቆርጥ ይቀጣል። ስለዚህ ቡቃያ ሲያይ ሳያድግበት ይነቅለዋል። ዛፉ የእርሱ መሆኑን ሲያምን ጊዜ ጠበቀው። ሕግ ሲለዝብ በረሃ ለመለመ ማለት ነው!

ይህ እኛ አገርም ሆኗል። ከዚህ ከሻሸመኔ በሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። ተራራው ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሮ ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ወርልድ ቪዥን ከሕዝቡ ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር ከለለ። አብዛኛው ሥራ ያንኑ ጉቶ መመልመልና መጠበቅ ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የመጠቀም መብታቸውም በወረቀት ተረጋገጠላቸው። ከብት እንዳይገባ ተከለከለ፤ ሳሩን አጭዶ መውሰድ ግን ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፉ የካርቦን ገበያ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም 165 ሺህ ቶን ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ። ማኅበራቱ ከገንዘቡ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠሩ። በትግራይም የአብርሃ ወአጽብሃ ሕዝብ የተራቆተ መሬቱን ከልሎ፣ ውሃውን በእርከንና በክትር ይዞ፣ የደረቀ ጉድጓዱን መልሶ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል።

ጥብቅ ሳር

እነዚህን ምሳሌዎች ወደ እኛ ሜዳ ስናመጣቸው የሚታየኝ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ማሳረፍ። «ጥብቅ ሳር» የሚለው ቃል ከጥንትም አለን። ሥሩ በሕይወት ያለ መሬት ሁለት ሦስት ክረምት ካረፈ ራሱ ይነሳል። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መከለል በሰው ጉሮሮ ላይ መቆም ነው። ሜዳውን አራት ቦታ ከፍሎ አንዱን ማሳረፍ፣ ሦስቱን በየተራ ማስጋጥ ይሻላል። የታረፈውንም ሳር አጭዶ ለሚታለቡ ላሞችና ለጥጆች መስጠት ይቻላል። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ አንድ ሸክም ድርቆሽ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃውን ማስቆም። ፊቱ የጠነከረ መሬት ላይ ዘር ቢበተን ጎርፍ ይወስደዋል። ቁልቁለቱን አቋርጦ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ መቆፈር፣ አፈሩን በታችኛው በኩል መከመር፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሳር ዘርና ፍግ መጣል ነው። ቦረቦር ሲሆን ከላይ ከራሱ ይጀመራል፤ ውሃው ከሚመጣበት። ከታች የጀመረ ድንጋዩን ለጎርፍ አስረከበ።

ሦስተኛ፣ ጉቶውን መመልመል። ከላይ ተናግሬአለሁ።

አራተኛ፣ ሕጉን ለራስ ማውጣት። ማን ያጭዳል? መቼ ይከፈታል? ከብት የለቀቀ ስንት ይቀጣል? ቅጣቱ ለማን ይገባል? ይህን ሽማግሌው፣ ወጣቱና ሴቶች ተቀምጠው ይወስኑ። ከወረዳ ተጽፎ የመጣ መተዳደሪያ ደንብ ወረዳው በተለወጠ ማግሥት ይቀደዳል። በ1983 ዓ.ም. ያየነው ይኸው ነው። ደርግ በግድ ያስተከለው ደን በአንድ ሰሞን ተመነጠረ፤ የሰንቀሌ ቆርኬዎች እንኳ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የሌሉት፣ የሥርዓቱን ለውጥ ከፍለውበታል። ሕዝቡ የጠላው ዛፉን ወይም ቆርኬውን አልነበረም። የዘበኛውን ጠመንጃ ነበር።

ወጣቱስ?

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ደርሻለሁ። ከፊቴ የተቀመጡት ወጣቶች ምን እያሉ እንደሆነ ይገባኛል። «አንተ ስለ ሳር ታወራለህ፤ እኔ መሬት የለኝም። የወል ግጦሹ ተሸንሽኖ ቢሰጠኝ ድንች ዘርቼ ሚስት አገባበት ነበር።» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በቀላሉ የሚመልስ ሰው ካለ ይዋሻል።

የማውቀውን ልናገር። በአብጃታ ዙሪያ በአማካይ የሚዘንበው በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ እርሱም እምነት የማይጣልበት። እንዲህ ያለ አቧራ መሰል አፈር በማረሻ ከተነካ ጥቂት ዓመት ያበላና ይነጥፋል። የተሸነሸነ ግጦሽ ለአንድ ወጣት ግማሽ ሄክታር ይሆናል፤ ለልጁ ግን ቦረቦር ያወርሰዋል። ላሟም ድንቹም አብረው ይጠፋሉ። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። እኛ ከአህያዋ አንብስ ይሆን?

መሬቱ ሳይሸነሸን ወጣቱ የሚበላበት መንገድ ግን አለ። ሻሸመኔ አራት በር ያላት የገበያ ከተማ ናት፤ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በባሌና በወላይታ መንገድ። ከብት ያደልባል፤ ወተት ይፈልጋል፤ ድርቆሽ ይገዛል። አንድ የተከለለ ሜዳ ለወጣት ማኅበር በጽሑፍ ተሰጥቶ ድርቆሽ ቢሸጥበት፣ የሳር ዘር ቢሰበሰብበት፣ ግራሩ ሲያብብ ቀፎ ቢሰቀልበት የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ነገር ግን አንድ ሁኔታ አለው። ሜዳው ከለመለመ በኋላ «ለኢንቨስተር ተፈልጓል» ተብሎ እንደማይወሰድ ወጣቱ ማመን አለበት። ይህ እምነት ከሌለ ማንም በሌላ ሰው ሳር ላይ ላቡን አያፈስም።

ምን እንጠይቅ?

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ኒውዮርክ ላይ 15 ሚሊዮን ሄክታር መሬት መልሼ አለማለሁ ብሎ ለዓለም ቃል ገብቷል። ቃሉን የገባው በእናንተ ሜዳ ነው። ስለዚህ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

የምንጠይቀው ልመና አይደለም። የየቀበሌው የወል ግጦሽ ተለክቶ፣ ድንበሩ ታውቆ፣ በተጠቃሚው ሕዝብ ስም የይዞታ ማረጋገጫ ይሰጠው። ያለ ሕዝቡ ጉባዔ ውሳኔ አንድ ጋሻም ቢሆን ለማንም አይተላለፍ። ከዝዋይና ከቡልቡላ የሚሳበው ውሃ ተለክቶ ለአብጃታ የሚቀረው ድርሻ በግልጽ ይታወቅ። የችግኝ ሪፖርት የተተከለውን ሳይሆን በሁለተኛው ዓመት በሕይወት ያለውን ይቁጠር። የከብት መንገድና የሆራ መዳረሻ በካርታ ላይ ይግባ፤ መንገድ ከሌለ እንቅስቃሴ የለም፤ እንቅስቃሴ ከሌለ ዕረፍት የለም፤ ዕረፍት ከሌለ ሳር የለም።

እኛም የራሳችን ድርሻ አለን። ፈቃድ ሳንጠብቅ የምንሠራው አለ። ጉቶ ለመመልመል የወረዳ ማኅተም አያስፈልግም። ጎረቤታሞች ተስማምተው አንድ ጥግ ለማሳረፍ የካቢኔ ስብሰባ አያስፈልግም። ፈረምሲሳውን አበባ ሳያወጣ ለመንቀል በጀት አያስፈልግም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? እንኳን ቦረቦር!

ወገኖቼ፣ ሳሩን ማን እንደበላው አሁን ፍረዱ። ላሚቱ የበላችው ታድጎ ይበቅላል፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። በወረቀትና በማኅተም የተበላው ግን ጠያቂ ካላገኘ አይበቅልም። መጪው ክረምት ሳይገባ አንድ ሜዳ ምረጡ። ጠብቁት። ወረቀቱንም ጠይቁ።